ሁሉም በርቶ ፍሬን ሲያዝ

ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር ጋራዥ ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ጠዋት ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ነበረኝ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቅነህ የትምህርት ማስረጃዬን እስከ መጨረሻው ገጽ አገላብጦ ሲያበቃ፣ «ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሆን ቦታ እናጣለን ብለሽ ነው?» አለኝ። የተቀጠርሁት ለጋራዡ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊነት መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። የፈረመው ራሱ ነበር።

«እንግዲያው ቱታ ፈልግላት» አለ። የተናገረው ለእኔ አልነበረም፤ በሩ ላይ ለቆመው ሰው ነው።

በሩ ላይ የቆመው አስማረ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት በዚያው ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቷል። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃው እኔ ነበርሁ። በልኬ የሚሆን ቱታ ስላልተገኘ የራሱን ትርፍ ቱታ ሰጠኝ፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ ለበስሁት።

የዚያን ዕለት መጀመሪያ የቀረበልኝ ሹፌሮቹ «እማሆይ» የሚሉት አሮጌ አውቶቡስ ነው። ከማኅበሩ መኪኖች ሁሉ ዕድሜው የገፋ ስለነበር ሲጠሩት እንኳ በአንቱታ ነበር። ሹፌሩ ጋሽ ይስማው ይባላሉ፤ ሽበታቸውን በቆብ የሚሸፍኑ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ የቡሬ ሰው ናቸው። የፊት መብራቱ ይበራል፤ መንገድ ግን አያሳይም።

«እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል» አሉኝ። «መነጽር ታዝዥላቸው እንደሆን ብዬ ነው የመጣሁ።»

መለኪያዬን አውጥቼ ከባትሪው ጀመርሁ። ባትሪው ላይ ሃያ አምስት ቮልት ነበር፤ የፊት መብራቱ ላይ ስደርስ ዐሥራ ስምንት ሆኖ አገኘሁት። ሰባቱ ቮልት በመንገድ ቀርቷል። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ፣ ከባድ ጅረት የሚያስተላልፈው ሪሌ ከዓመታት በፊት ወልቆ፣ የመብራቱ ጉልበት በሙሉ በሹፌሩ ፊት ባለችው ትንሽ ማብሪያ እንዲያልፍ መደረጉን አየሁ። ሪሌውን መልሼ ገጠምሁ፤ ገመዱን በወፍራም ለወጥሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

አስማረ ሥራዬን ሲከታተል ቆይቶ፣ «ያለ መለኪያም ይታወቅ ነበር፣ ኢንጂነር። ማብሪያው ይፋጃል» አለኝ።

«ስንት ዲግሪ ይሆናል?»

«እጅ የሚያስነሣ ያህል።»

ጋሽ ይስማው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የእጅ ቆዳ መለኪያ መሣሪያ አይደለም የሚል አቋም ነበረኝ።

በጋራዡ አንድ ልማድ ነበር። አውቶቡስ ተጠግኖ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት አስማረ ያለውን መብራት ሁሉ ያስበራል፤ የፊቱን፣ የኋላውን፣ የጎኑን፣ የውስጡን፣ ሹፌሮቹ ለጌጥ የጨመሩትን ሳይቀር። ከዚያ ሹፌሩን ፍሬን ያስረግጥና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናውን አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይዞረዋል። ሠራተኞቹ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በሚደረገው ዙረት ስም ሰይመው «ዑደት» ይሉት ነበር። «አስማረ ዑደቱን አላደረሰም፤ በር አትክፈት» ሲባል ዘበኛው ራሱ ያውቃል።

በሁለተኛው ዓመቴ ዑደትን አስቀረሁት።

ምክንያቶቼን በጽሑፍ ለአቶ ወርቅነህ አቀረብሁ። አንደኛ፣ ሞተር ሳይነሣ ሁሉንም መብራት ማብራት ያረጁ ባትሪዎችን ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ ውጤቱ አይመዘገብም። ሦስተኛ፣ ብልሽት የሚለየው እያንዳንዱን ክፍል ከሌላው ነጥሎ በመፈተሽ ነው። በዑደት ምትክ ሃያ ሁለት መስመር ያለው የፍተሻ ቅጽ አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ይበራል፤ ይታያል፤ ይጠፋል፤ ምልክት ይደረግበታል። ከቅጹ ግርጌ «አዘጋጅ» የሚል ቦታ አበጅቼ ስሜን ጻፍሁ። አቶ ወርቅነህ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲያመሰግነኝ የሰማሁት በዚያ ቅጽ ብቻ ነው። ቅጹን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

አስማረን ጠርቼ ነገርሁት።

«እሺ፤ ይቅር ከተባለ ይቀራል» አለ።

«የምትቃወምበት ምክንያት ካለ ንገረኝ።»

«ምክንያት እንኳ የለኝም። ስዞር አየዋለሁ እንጂ።»

«ምኑን ነው የምታየው?»

«የከፋውን» አለ።

ይህንን እንደ መልስ አልቆጠርሁትም።

በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ዝግጅት፣ አቶ ወርቅነህ አሮጌዎቹ አውቶቡሶች ሁሉ ቀለም እንዲቀቡ አዘዘ። አዲስ ቀለም የመርማሪን ዓይን ያለዝባል ብሎ ያምን ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ የእማሆይን የኋላ መብራቶች ፈተው ላሜራውን በደንብ ቀቡት፤ ሲደርቅም መብራቶቹን በቦታቸው መልሰው በብሎን አሰሯቸው። ሥራቸው ንጹሕ ነበር። እኔም አይቼ ተቀበልሁት። አውቶቡሱ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ተለጠፈበት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጋሽ ይስማው ወደ ቢሮዬ መጡ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ጉም ሲሆን ከኋላዬ ያሉት ይቆጡኛል» አሉ።

«እንዴት ነው የሚቆጡዎት?»

«ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዱማ ጥሶኝ ሲያልፍ በመስኮት ሰድቦኛል። ምን በደልሁ ብዬ አላውቅም።»

«የትኛው መብራት ነው ችግር ያለበት?»

«እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ የኋላዬን በምን ዐውቃለሁ? ከኋላ ያለው ነው የሚያየው።»

የብልሽት ማመልከቻው የክፍሉን ስም የሚጠይቅ ዐምድ ነበረው። እንዲህ ያለ አቤቱታ በየትኛውም ዐምድ አይገባም አልኋቸው። ቢሆንም መኪናውን እንዲያስገቡ አድርጌ በራሴ እጅ በቅጹ መሠረት ፈተሽሁት። የኋላ መብራት፦ በራ። አጠፋሁት። የፍሬን መብራት፦ በራ። አጠፋሁት። ፍሬቻ በግራ፣ ፍሬቻ በቀኝ፦ በሩ። ጊዜው ቀትር ነበር፤ ፀሐይ ወጥታለች። ቅጹ ላይ «ብልሽት አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

አስማረ በሩ አጠገብ ፒንሳ ይዞ ቆሞ ነበር። ጋሽ ይስማው፣ «አንቺ ካልሽ እሺ» ብለው ቆባቸውን አጠለቁ።

ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ አደጋው ደረሰ። እማሆይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ መንገደኞችን ጭኖ ማለዳ ተነሥቷል። ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ጋሽ ይስማው የፊት መብራታቸውን አብርተው በዝግታ ሲነዱ ከብቶች መንገድ ስለገቡባቸው ፍሬን ያዙ። ከኋላ ማዳበሪያ የጫነ የጭነት መኪና ይመጣ ነበር፤ አውቶቡሱን በስተቀኝ ከኋላው ገጨው።

በመጨረሻው ወንበር የነበሩት መሪጌታ ጽጌ ሕይወታቸው አለፈ። መራዊ አቅራቢያ ባለ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ። መንገደኞች ከፊት ተነሥተው ቦታ ሊለቁላቸው ሲሉ፣ «ከኋላ ይሻለኛል፤ እግሬን እዘረጋለሁ» ብለው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

የጭነት መኪናው ሹፌር ጌትነት ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥሮ በዚያው ቀን ቡሬ ታሰረ። ከኋላ ሆኖ የገጨ ሹፌር ብዙ የሚከራከርበት ነገር የለውም። አውቶቡሱም ቦሎ ያለው፣ በቅርቡ የተፈተሸ ነው። የፈተሽሁትና የፈረምሁት እኔ ነኝ።

የመኪናውን የቴክኒክ ሁኔታ እንዳረጋግጥ ፖሊስ በደብዳቤ ጠየቀ። ከአቶ ወርቅነህና ከአስማረ ጋር ቡሬ ደረስሁ። ጋሽ ይስማው ቀድመውን መጥተው በግቢው ጥግ ቆመዋል። ከበሩ ውጭ የመሪጌታ ወገኖች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብላ የጌትነት ሚስት ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። በሁለቱ መካከል አለፍን።

የትራፊክ ሳጅኑ የምርመራውን መዝገብ ይዞ ነበር። «ሹፌሩ የሚለው ነገር ያስቃል፣ ኢንጂነር» አለኝ። «‹ፍሬን ሲይዝ የኋላ መብራቱ ደከመ› ነው የሚለው። ‹ስለደከመ የራቀ መሰለኝ፤ ስለዚህ ነዳጅ ረገጥሁ› ይላል። ፍሬን ሲያዝ የሚደክም የፍሬን መብራት ሰምተው ያውቃሉ?»

አቶ ወርቅነህ ሳቀ። «ፈጣሪ ይማረው፤ ውሸት እንኳ አያውቅበትም» አለ።

እኔ ሰምቼ ዐውቃለሁ። በሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጥ ነገር ነው። ሳጅኑ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ምክንያቱ ገብቶኝ ነበር። አዲሱን ቀለም አሰብሁ።

ኤሌክትሪክ በአንድ ገመድ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ግን በመኪናው ብረት በኩል ነው። ጋራዥ ውስጥ ይህን መመለሻ «ማሳ» እንለዋለን። የእማሆይ የኋላ መብራቶች ሁሉ፣ ጌጦቹ ጭምር፣ የሚመለሱት መብራቶቹን ከላሜራው ጋር ባሰሩት ብሎኖች ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ ብሎኖቹን የመለሱት በቀለም ላይ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የቀረው መንገድ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሙን የፋቀበት ጠባብ ጭረት ብቻ ነው። አንድ መብራት ለብቻው ሲበራ ጭረቱ ይበቃዋል። ሁሉም በርተው በዚያ ላይ ፍሬን ሲጨመር አይበቃም፤ ሁሉም በአንድነት ይወርዳሉ። ከኋላ የሚከተለው ሰው የሚያየው ቀይ መብራት ከመድመቅ ይልቅ ይፈዝዛል። በጉም ውስጥ የፈዘዘ መብራት የራቀ ይመስላል።

አቶ ወርቅነህ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ቅጹን ይዤልሻለሁ» አለ። «በቅጹ መሠረት መርምሪና እንሂድ። ዝናብም ሊመጣ ነው።»

በቅጹ መሠረት መረመርሁት። የቀኙ መብራት በግጭቱ ተሰብሯል፤ የግራው ደኅና ነበር። ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ተነሣ። የኋላ መብራት፦ በራ። የፍሬን መብራት ለብቻው፦ በራ፤ ሃያ አንድ ቮልት። ሳጅኑ ጻፈ።

«በቃ፣ አለቀ» አለ አቶ ወርቅነህ።

መሄድም መቅረትም የምችልባት ያቺ ቅጽበት አሁንም ትዝ ትለኛለች። ብሄድ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ጌትነት ይፈረድበታል፤ የእኔ ፊርማ ትክክል ሆኖ ይኖራል። የቀረሁት ከደግነት የተነሣ አይደለም። ግማሽ የሆነ ልኬት ፈርሜ መሄድ አልቻልሁም፤ ከዚያ የተለየ ምክንያት የለኝም።

«አስማረ» አልሁት፣ «ዑደት አድርስ።»

አስማረ አንድ ጊዜ ተመለከተኝና ወደ ሹፌሩ ወንበር ወጣ። የፊቱን፣ የኋላውን፣ የጎኑን፣ የውስጡን፣ ከኋላ መስኮቱ ዙሪያ የተተከሉትን አረንጓዴና ቢጫ ጌጦች ሁሉ አበራ። ከዚያ ወርዶ፣ «ጋሽ ይስማው፣ እስቲ ይውጡና ፍሬን ይርገጡልን» አላቸው። እርሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መዞር ጀመረ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር መብራቱ በደንብ ይታያል።

ጋሽ ይስማው ፍሬን ረገጡ። የግራው መብራት ወርዶ ሊጠፋ እንደ ደረሰ ፍም ሆነ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። ደግመው ረገጡ፤ ደግሞ ወረደ።

መለኪያዬ ላይ ዘጠኝ ቮልት ነበር።

ብሎኑን አልነካሁትም፤ ማስረጃ ነው። ከባትሪው ማሳ አንድ ረዥም ገመድ ስቤ የመብራቱን ብረት ነካሁበት። መብራቱ ቦግ አለ። ገመዱን አነሣሁ፤ ፍም ሆነ። ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋገምሁና ሳጅኑ እንዲጽፍ ነገርሁት። ሳጅኑ አሁን አይስቅም። እስረኛውን አምጡት አለ።

ጌትነት እጁ ታስሮ መጣ። ጋሽ ይስማው ፍሬን ሲረግጡና ሲለቁ ቆሞ አየ።

«እንዲህ ነበር?» አለው ሳጅኑ።

«እንዲህ ነበር። ራቀብኝ ነው ያልኋችሁ» አለ ጌትነት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀጥሎ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሚስቱ ከዚያ ሆና ልታየው አትችልም ነበር።

ጋሽ ይስማው ወርደው ወደ ኋላ መጡ። «ይቆጡኝ የነበረው ለዚህ ነዋ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም።

አቶ ወርቅነህ ቅጹን በእጁ እንደያዘ ቀረበኝ። «ይኸ ሃያ ሁለት መስመር አለው። ሃያ ሦስተኛ የለውም። የሌለ መስመር አትጽፊም።»

«የሌለው እኔ ስላልጻፍሁት ነው።»

«ራስሽን ነው የምትከሽው፤ ገብቶሻል?»

«ሁለቱንም ለክቻለሁ፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ።»

ሁለቱንም ጻፍሁ፤ ሃያ አንድና ዘጠኝ። ከሥሩ የብልሽቱን መንስኤ፣ በቀትር በተናጠል ባደረግሁት ፍተሻ ያልታየበትን ምክንያት፣ ይህን ዓይነት ብልሽት ሊያሳይ የሚችለውን የቀድሞ አሠራር ያስቀረሁትም እኔ መሆኔን በተራ ቁጥር ዘረዘርሁ። አስማረን ምስክር ሆኖ እንዲፈርም ጠየቅሁት። ስሙን ቀስ እያለ ጻፈ።

ጌትነት ርቀቱን ባለመጠበቅ ብቻ ተቀጣና ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቤቱ ገባ። ማኅበሩ በኃላፊነት ተጠየቀ። የመሪጌታ ወገኖች ፊት ሁለት ጊዜ ቆሜ የጻፍሁትን አስረዳሁ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ «ያስተማሩሽ ሰዎች ይህንን ሳይነግሩሽ ቀርተው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነግረውኛል አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ይስማው መንዳት ተዉ። ቁልፉን ሊያስረክቡ የመጡ ዕለት በቢሮዬ በኩል አለፉ። ወቀሳ እየጠበቅሁ ነበር።

«ያን ቀን ጠበቅ አድርጌ ብነግርሽ ደግ ነበር» አሉኝ።

«ጠበቅ አድርገው ቢነግሩኝም አልሰማዎትም ነበር።»

«እሱም አለ» አሉ፤ ወጡ።

ለእኔ የሥራ መደቡ መታጠፉን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። መጻሕፍቴን ስሰበስብ አስማረ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ ቀን በቆመበት ዓይነት።

«ኢንጂነር፣ ዑደቱን ልመልሰው ወይ?»

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ፈቃድ አያስፈልግህም።»

«ቅጹ እኮ ተሰቅሎ አለ። አቶ ወርቅነህ ከእሱ ውጪ አንዳች ነገር እንዳይሠራ ብሏል፤ ለማኅበሩ ጠበቃም የሚያሳየው እሱን ነው።»

ቱታውን አጣጥፌ መለስሁለት።

አሁን በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ለልምምድ ስወስድ በዚያ ጋራዥ አለፍሁ። ቅጹ በመስታወቱ ውስጥ እንዳለ ነው። መስመሮቹ ሃያ ሁለት ናቸው፤ ከግርጌው ስሜ አለ። አስማረ ጡረታ ወጥቷል። የፍሬን መብራት የሚፈትሽ ወጣት ኤሌክትሪሻን ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍቶ በቀትር ፍሬን ያስረግጥና ምልክት ያደርጋል።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው፦ የፍሬን መብራት የሚፈተሸው ሌላው መብራት ሁሉ በርቶ ነው። ቀለም የተቀባ መኪና ከሆነ የብሎኑ መቀመጫ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ከኋላ አንድ ሰው ይቆማል፤ ያየውን ሲናገርም ይደመጣል።